በብጣሽ ጨርቅ ላይ የተጻፈ ትምህርት

ከቀትር በኋላ በእግሬ ስንሸራሸር ድንገተኛ ዝናብ ያዘኝና በአቅራቢያው ወደሚገኘው ልብስ ስፌት ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ያረጀ ኮቴን ገልብጦ የሚሰፋልኝ የቆየ ወዳጄ ነው። ሜትሩን በአንገቱ እንዳጠለቀ ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና አንድ ብጣሽ ጨርቅ ዘረጋልኝ።

«እንኳን መጡልኝ መምህር! ዳኛ ስፈልግ እግዜር ላከዎት። ይህችን ይመልከቱልኝ።»

በጨርቁ ላይ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በጠመኔ ተጽፎበታል። ከአንዳንዱ ቃል ሥር አንድ፣ ከአንዳንዱ ሥር ሁለት መስመር ተሰምሯል።

«የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእሷ ነዋ!» አለና በአገጩ ወደ ሚስቱ ጠቆመ። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። «ጠመኔዬን ጨረሰችው። ትናንት አንዱ ደንበኛ ሱሪው ጉልበት ላይ የፈረንጅ ቃል አገኘ! አሁን ደግሞ የማታ ትምህርት ካልገባሁ ትላለች። ምዝገባው ዛሬ ያበቃል። ደንበኛ የሚመጣው ደግሞ ሲመሽ ነው። የልጅ ልጅ አይቶ ደብተር መሸከም ምን የሚሉት ነው? የሰፈር መሳቂያ ልታደርገኝ ነው!»

«አንተን ማን ሊያይህ? ደብተሩን የምይዘው እኔ» አለች ሚስቱ።

ሣቄን ዋጥ አድርጌ፣ «እስቲ እኅቴ፣ የጻፉትን ያስረዱን» አልኋት።

«‹ዘ ገርል ሃዝ ቢን ዌይቲንግ አት ዘ ጌት›። ልጅቷ በሩ ዘንድ ስትጠብቅ ቆይታለች ማለት ነው። አንድ መስመር ያሰመርሁባቸው ስሞቹ ናቸው፤ ልጅቷና በሩ። ሁለት መስመር ያለበት ግን...» ቆም አለች። «እሱን በደንብ አላውቀውም። ትምህርቴን ያቋረጥሁት እዚያ ገጽ ላይ ነው። እናቴ ታመመችና አስታማሚ ሆንሁ፤ ከዚያ ትዳር፣ ከዚያ ልጅ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ እዚያው ገጽ ላይ እንደ ተገለጠ ይመስለኛል።»

«በትክክል አስምረውበታል። ጥምር ግሥ ይባላል። ‹ሃዝ ቢን ዌይቲንግ› የሚሉት ሦስት ቃላት ተጋግዘው አንድ ድርጊት ይናገራሉ። መጠበቋን የሚነግረን የመጨረሻው ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ረዳቶች ናቸው፤ መጠበቋ ቀድሞ ተጀምሮ እስካሁን መዝለቁን ያሳውቃሉ።»

«አንድ ሥራ ለሦስት?» አለ ልብስ ሰፊው። «ይኼማ ግሥ ሳይሆን መሥሪያ ቤት ነው!»

«ወዳጄ፣ የኮት ገበርም ከውጭ አይታይም። እስቲ ያውጡትና ኮቱ ቅርጹን ይይዝ እንደሆነ ይዩት።»

«ገበሩስ እሺ። ግን ስምና ግሥ ለይታ ቁልፍ ልትተክልበት ነው?»

ይህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ዕውቀትን ዛሬ በሚያስገኘው ሥራ ብቻ የሚመዝን ሰው፣ ነገ ደጁን የሚያንኳኳውን ሥራ ሳያውቀው ይመልሰዋል። ስለዚህ፣ «የአዲሱን የስፌት መኪናዎን የእንግሊዝኛ መመሪያ ማን ያነብልዎታል?» አልሁት።

«የፋርማሲው ሰውዬ፣ ሲመቸው።»

«እስኪመቸውስ?»

«መኪናው ይቆማል» አለና በእጁ ነገሩን ገፋ አደረገው። «እሱ ይቅር መምህር። ዕድሜያችን አልፏል።» ከዚያም እንደ ዋዛ፣ «ለመሆኑ በሩ ዘንድ የምትጠብቀው ልጅ ማን ናት?» ሲል ሚስቱን ጠየቃት።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ልብስ ላደርስ ስወጣ ለምን እንደምዘገይ ስትጠይቀኝ ኖረሃል።»

«እኅትሽ ዘንድ ጎራ እያልሽ ነዋ! ስንቴ ተጣላንበት!»

«እኅቴ ዘንድ አልነበረም። በረጅሙ መንገድ፣ በትምህርት ቤቱ በኩል ነው የምሄደው። መስኮቱ ክፍት ከሆነ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲያነቡ ይሰማል። የሰው ልብስ በክንዴ ይዤ በሩ ዘንድ ጥቂት እቆማለሁ። ዘበኛው ልጄን የምጠብቅ ይመስለዋል።»

ሰውዬው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መጠቅለል ጀመረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህስ ምን ትለኝ ነበር?»

የሚላትን ሁሉ አሁን፣ በእኔ ፊት፣ ብሎት ጨርሷል።

«ካውያውን ንቀዪው» አለ በመጨረሻ። «ደንበኛ ነገም ይመጣል።»

«የሰፈሩ ሰውስ?»

«የሰፈሩ ሰው ሱሪውን የሚያሳጥረው እኔ ዘንድ ነው። ይስቅና፣ አንዱን እግር ብቻ አሳጥሬ እሰድደዋለሁ!»

ዛሬ የመኪናውን መመሪያ የምታነበው እሷ ናት። ደንበኞችም በትምህርቷ ቀን ቀደም ብለው መምጣትን ለምደዋል፤ ባሏም ጠመኔ ሲገዛ አስቦ ይጨምራል። የመማሪያ ጊዜዬ አልፏል የሚል ሰው ቢኖር፣ ሄዶ ያንን ቤት ይጎብኝ።

ያን ዕለት ግን ዝናቡ ሲያባራ አብረን ወጣን። ከመንገዱ መታጠፊያ ስንደርስ፣ ምዝገባው እንዳያመልጣት የቸኮለችው ሴት በአቋራጩ ልትገባ ስትል ባሏ እጅጌዋን ያዝ አደረጋት።

«ጊዜ አለን» አላት። «በረጅሙ ውሰጂኝ።»