«አይበልጥም» ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም

ማማ ናሊያካ፣ ዛሬ በስንብትዎ ቀን እንኳ ሳያቋርጡኝ ይስሙኝ! የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ማማ የጎርፍ ትንበያ ቢሮአችን የገቡ ቀን ሻያችንን ቀሙን። ያኔ የንዞያ ወንዝን ዳርቻ ቁራሽ ቁራሽ ከፍለን፣ ለአምስት ቀን የተተነበየውን ውሃ ከየቁራሹ የአደጋ ወሰን ጋር ኮምፒውተሩ አንድ በአንድ ሲያስተያይ አርባ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። አርባ ደቂቃ ሙሉ ማንዳዚ ብስኩታችንን እየበላን ወሬ! እሳቸው ገና ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ «ምን አንድ በአንድ ያስለምናችኋል? የውሃውን ረድፍ ከወሰኑ ረድፍ ፊት ለፊት አቁሙና አንዴ ጠይቁት!» አሉ። ያን ሁሉ ፕሮግራም ደምስሰው አንዲት መስመር ጻፉ። ኩባያዬን ሳላነሳ መልሱ መጣ። የድሮውን ፕሮግራም የጻፈው ኦኮይቲ ይኸው እስከ ዛሬ እንዳኮረፈ ነው። ትስቃላችሁ? ውሸት ነው እንዴ!

ደግሞ «እኩል ነው» የሚል ሰው አያምኑም። የልደት ኬክ ቆርሰን «እኩል ነው፣ ይውሰዱ» ስንላቸው፣ «በስንት ልዩነት?» ይላሉ።

አሁን ግን ሳልስቅ ልናገር። ያቻምና በትልቁ ዝናብ ጊዜ ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፦ «ውሃው ከወሰኑ ይበልጣል ወይ?» እህቴ ኔሊማ በምትኖርበት በሙኮሌ መንደር ሁሉም ቁራሽ «አይበልጥም» አለ። ደስ ብሎኝ «ደህና ነው» የሚለውን መልእክት ልልክ ስል ማማ ከኋላዬ ቆሙ።

«ቁጥሩን አሳየኝ።»

ቁጥር የለም። ከላይ ያለውን የውሃ መለኪያ ጎርፍ ወስዶት የሙኮሌ ትንበያ ባዶ ነበር።

«ልጄ፣ የሌለ ቁጥር ይበልጣል ወይ ብትለው አይ ይልሃል፤ ያንሳል ወይ ብትለውም አይ ይልሃል። ስለዚህ አደጋውን አትጠይቅ፤ ደህንነቱን ጠይቅ። ያንሳል ብሎ ያላረጋገጠልህን ሁሉ አስጠንቅቅ።»

«ይበልጣል» የምትለዋን ምልክት ወደ «ያንሳል» ገለበጡ። በዓይን ጥቅሻ ሙኮሌ ካርታው ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀላ። ለመንደሩም ስልክ የደወሉት እሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ ረፋዱ ላይ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ውሃው ከእህቴ በር ጉበን በላይ ነበር።

ማማ፣ ሃያ ዓመት አብሬዎት ሠርቼ አሁንም ይገርመኛል። ያን ያህል ሚሊዮን ቁጥር በአንድ ጊዜ ሲጠይቁ ያልመለሰውን አንዱን አይረሱም። እኔ ረስቼው ነበር። ስላዳኑኝ አመሰግናለሁ።

በሉ ብርጭቆአችሁን አንሱ! ማማ ናሊያካ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የእረፍት ዘመንዎ ይባረክ! ኔሊማ፣ ልጆቹን ይዘሽ ወደፊት ነይ። ማማ፣ እኔን አይመኑኝ፣ ራስዎ ይቁጠሯቸው። ሦስቱም አሉ።

ለጤናዎ!