ከፊቴ የሄደው ሰው

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ሥራችሁን ጥላችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ ውለታችሁን ፈጣሪ ይክፈልልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ የጠገነ እጅ፣ ዛሬ ማይክ መጨበጥ ይኸው አቃተው። ታገሡኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጥገና ክፍላችን ወደ ምግብ አዳራሹ በሣሩ ብታቋርጡ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። እኔ ግን ሁሌ በአስፋልቱ ዞሬ ነው የምሄደው። «አቶ አስፋልት» ያላችሁኝ ለዚህ አይደል? የመዝገብ ቤቷ እህታችን እንዲያውም «ጫማው እንዳይቆሽሽበት ነው» ብላለች። ስቄ አለፍኩ። እውነቱን ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም። ሣር እፈራለሁ።

እዚህ ከመቀጠሬ በፊት፣ በጦርነቱ ጊዜ የውሃ ቦቴ ሾፌር ሆኜ ዘምቼ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስናፈገፍግ ቦቴዬ ተመታ። ዘልዬ ወርጄ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ሩጫዬን ያቆመው አንድ ሜዳ ነው፤ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ዳሩ ላይ «ፈንጂ አለ» የሚል ሰሌዳ ወድቋል። ከኋላዬ ተኩሱ እየቀረበ ነው።

እዚያው አንድ የማላውቀው፣ የሌላ ክፍል ወታደር ቆሟል። ጎልማሳ ነው፤ ቁመቱ እንደ ስልክ እንጨት።

«ተከተለኝ» አለኝ። «እኔ የረገጥኩትን ብቻ ርገጥ።»

ገባን። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ለመጥረግ እንኳ እጄን ማንሳት ፈራሁ። እጅ ፈንጂ አይረግጥም፤ ፍርሃት ግን ይህን መች ያውቃል? የማየው ተረከዙን ብቻ ነው። መሃል ላይ ስንደርስ ቆምኩ።

ሳይዞር፣ «ስንት ወንድም አለህ?» አለኝ።

«ሦስት።»

«ስማቸውን እየጠራህ ና። ለአንድ ስም አንድ እርምጃ።»

«ሦስቱን ስጨርስስ?»

«እንደገና ከታላቁ ጀምር።»

ረጅም ነው ብያችኋለሁ። እርምጃው ግን የእኔን የአጭሩን ያህል ነበር። እግሬ እንዲደርስልኝ ብሎ፣ በአንድ እርምጃ የሚያልፈውን በሁለት እርምጃ ይረግጠው ነበር። በዚያ ሜዳ ሁለቴ መርገጥ ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት።

ወጣን። መንገዱ ዳር ቁጭ ሲል ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«መንገዱን ማን አሳየህ?» አልኩት።

«ማንም። አንዳችን መቅደም ነበረበት፤ አንተ ደግሞ ትንቀጠቀጥ ነበር።»

እሱ ክፍሉን ፍለጋ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ ሄድን። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ዳግመኛም አላየሁትም።

ይህን ሁሉ ዘመን ደብቄ ዛሬ ለምን አወጣሁት? የመጨረሻ ልጄ ነርስ ናት። የፊታችን ሰኞ ትዘምታለች። ትናንት ልብሷን ስታጣጥፍ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት።

«አባዬ፣ ፈርተሃል እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ለልጄ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔም» አለችና ትከሻዬ ላይ ተደገፈች።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ እጃችሁ አይዛል። ወጥታችሁ በሰላም ግቡ። የበደልኳችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ። ልጆቻችሁ እናት አባት በማይደርሱበት ቦታ ሲቆሙ፣ የማያውቁት ሰው ይራራላቸው። የእኔንም ልጅ እንዲሁ። ደህና ሁኑልኝ።