ፊት ለፊት የተነበበው የመምህርት «ጮክ በል» ዜና ሕይወት

እኅታችንን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ተማሪዎቻቸው ሁሉ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እጄ መቀስ እንጂ ብዕር አልለመደም። ሆኖም ይህን ጽሑፍ እንድጽፍም እንዳነብም ያዘዙኝ ራሳቸው ስለሆኑ፣ የእርሳቸውን ትእዛዝ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እምቢ ማለት ስላልሆነልኝ፣ እነሆ በፊታችሁ ቆሜያለሁ።

መምህርት ከፖስታ አዳይ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስልሳ ሦስት ዓመት የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታችን ደብዳቤ ከማደል አልፈው ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ደጃፋቸው ላይ ቆመው ያነቡላቸው ስለነበር፣ በሰፈሩ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ልጁን እንደናፈቀ አንድ ሳይቀር ያውቁ ነበር፤ ቤት ሲገቡ ግን ከአፋቸው ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። እናታችን አንዳች ወሬ ለማግኘት ደጋግመው ቢለማመጧቸው፣ «የደብዳቤው ባለቤት የተጻፈለት ሰው ነው፤ እኔ እግሩ ብቻ ነኝ» ብለው ጫማቸውን ያወልቁ ነበር። እኅታችን ይህን ቃል በልጅነታቸው ሰምተው አልረሱትም።

በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ፤ በተለይ በሒሳብ የሚስተካከላቸው ስላልነበር፣ እኔ በደረስኩበት ክፍል ሁሉ «የእሷ ወንድም ሆነህ እንዴት?» የሚል ጥያቄ ቀድሞኝ ይጠብቀኝ እንደነበር ዛሬም ቅር እያለኝ እመሰክራለሁ። ከመምህራን ማሠልጠኛ በሃያ አንድ ዓመታቸው ተመርቀው፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ በሚገኘው ትምህርት ቤት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብ ማስተማር ጀመሩ። ከዓመታት በኋላ ለትምህርት ቤቱ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች መጥተው፣ ይበላሹብናል ተብሎ ዓመት ሙሉ ላስቲክ ለብሰው ዕቃ ቤት ቢቀመጡ፣ እርሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሠልጥነው የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ተረከቡ። ከደረጃው ሥር ባለችው፣ መስኮቷ በማይዘጋ በዚያች ጠባብ ክፍል ዘጠኙ ኮምፒውተሮች ሲሠሩ፣ ሦስቱ ለወጉ ይቀመጡ ነበር።

የትዳር ጓደኛቸውንም ያገኙት እዚያው ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አማቻችን ለሁለት ቀን ሥራ መጥተው ሦስት ሳምንት በመቆየታቸው፣ «ገመድ ሊዘረጉ መጥተው ተጠልፈው ቀሩ» እያልን እስከ ዛሬ እንቀልድባቸዋለን። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው፣ በፍቅርና በክርክር አብረው ኖረዋል።

ስልክ በተማሪዎች እጅ መታየት ሲጀምርና ስድቡ ከመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ወደ ስልክ ግሩፕ ሲዛወር፣ ሌሎች ስልክ ሲቀሙ መምህርት በዚያችው ክፍል ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጡ። ስለ ጓደኛው ክፉ የጻፈ ተማሪ አይገረፍም፣ ወላጅ አምጣ አይባልም፤ ከጓደኛው ትይዩ ተቀምጦ የጻፈውን ፊቱን እያየ እንዲያነብ ብቻ ይታዘዛል። ድምፁን ዝቅ ካደረገ «ጮክ በል!» ይባላል፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ መጣ። የተማሪዎቹ ጣት ያልፈራውን አፋቸው ይፈራው ነበርና፣ ከሁለተኛው መስመር ያለፈ ተማሪ እምብዛም አልነበረም። «ካፍ ከወጣ አፋፍ ብለው አስተማሩን፤ ከጣት የወጣውማ አፋፉንም ያልፋል» ይሉ ነበር። ከየት እንደመጣ ሳያጣራ ወሬ የሚያስተላልፈውን ደግሞ «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» እያሉ ምንጩን ፈልጎ እንዲያመጣ ይልኩት ነበር።

አሁን ወደ አንድ ስሕተታቸው እመጣለሁ። በአንድ የኮምፒውተር ፈተና ላይ «ጠንካራ የይለፍ ቃል ምን ዓይነት ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከነገሩ ሁሉ መርጣ የገዛ ራሷን የይለፍ ቃል፣ አንዲት ፊደል ሳታስቀር ጻፈችላቸው። መምህርት በሳቅ ፈረሱ። ስሟን በእጃቸው ሸፍነው ወረቀቱን ፎቶ አነሡና፣ ከሥሩ «እስቲ ሳቁ፤ ስናስተምር ከርመን እዚህ ደርሰናል» ብለው ለመምህራኑ ግሩፕ ላኩት። በማግሥቱ ፎቶው ከመምህራን ወደ ወላጆች፣ ከወላጆች ወደ ልጆች ተሻግሮ፣ የልጅቷም የእጅ ጽሑፍ ታውቆ፣ ኮሪደሩ ሙሉ በዚያ ቃል ይጠራት ጀመር። ቃሉ ግን እንዲሁ የተመረጠ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት የሞቱት አባቷ ሲያቆላምጧት የሚጠሯት ስም ነበር። ልጅቷም ቤት ቀረች፤ ትምህርት በቃኝ አለች።

እኅታችንን እንደዚያ ሳምንት ተሰብረው አይቻቸው አላውቅም። የላኩትን በወረቀት ጽፈው ወደ ልጅቷ ቤት ሄዱ፤ ከልጅቷ ትይዩ ተቀምጠው ማንበብ ቢጀምሩ፣ እርሳቸውም እንደ ተማሪዎቻቸው ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። እናቷ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ዱቄት የነካው እጃቸውን እየጠረጉ፣ «እኔ ይቅር ብያለሁ፤ እሷ የምትመለሰው ግን ያንን ስም ከሰው አፍ ሲያወጡላት ነው» አሏቸው። መምህርትም ፎቶው ደረሰ የተባለበትን ቤት ሁሉ በር እያንኳኩ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እባካችሁ አጥፉልኝ» እያሉ ፎቶውን ከስልሳ አንድ ስልክ አስጠፉ። አንዳንዱ ሻይ አቀረበላቸው፤ አንዳንዱም በሩን ሳይከፍት «ሰምተናል» አላቸው። በመጨረሻም ልጅቷን አስፈቅደው፣ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት ሁለቱን ወንበሮች አውጥተው፣ በፊቷ ተቀምጠው ያደረጉትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡ። ድምፃቸው ዝቅ ቢልባቸው፣ ልጅቷ ቀና ብላ «ጮክ ይበሉ፣ መምህርት» አለቻቸው። ተማሪው ሳቀ፤ እርሷም ሳቀች፤ በዚያው ቀን ክፍል ገባች።

ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታቸው ድረስ የየዓመቱ የመጀመሪያ ትምህርታቸው ይኸው ስሕተት ነበር፤ የልጅቷ ስም ግን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። በእጃቸው ካለፉት መካከል ሐኪሞች፣ ሹፌሮችና ነጋዴዎች ዛሬ እዚህ ቆማችኋል። ስለ ሰው ክፉ ከመጻፋችሁ በፊት የዚያች ክፍል ወንበር ትዝ የሚላችሁ ስንት እንደሆናችሁ እርሳቸውን ልትጠይቁ ስትመጡ ከእናንተው አንደበት ስሰማ ሰንብቻለሁና፣ የእርሳቸው ወንድም በመሆኔ ኮርቻለሁ፤ ያን የድሮውንም ጥያቄ ይቅር ብያለሁ።

ላለፉት ሰባት ወራት በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው መዳን እንደማይሆንላቸው ባወቁ ጊዜ፣ ዜና ሕይወታቸውን እንድጽፍ አዘዙኝ። ጽፌ ብመጣ፣ ከአልጋቸው ትይዩ ወንበር አስቀርበው ፊታቸውን እያየሁ እንዳነብ አደረጉኝ። እኔ «ስሕተት የማያውቁ መምህርት» ብዬ ጽፌ ነበር፤ እርሳስ ተቀብለው ሰረዙትና የፎቶውን ታሪክ አስገባ አሉኝ፤ አስቀድሜ ግን የታሪኩን ባለቤት፣ ልጅቷን፣ እንዳስፈቅድ አሳሰቡኝ። ያቺ ልጅ ዛሬ በዚያችው ክፍል መምህርት ናት፤ መስኮቱ አሁንም አይዘጋም። ጽሑፉን አንብባ ፈቀደችልኝና አንድ ዓረፍተ ነገር እንድጨምር ጠየቀችኝ፤ «ያንን ስም ዳግመኛ የጠራኝ የለም፤ አባቴ እንደተዉልኝ የእኔ ብቻ ሆኖ ኖሯል»። ይህንንም ለመምህርት አነበብኩላቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣ ድገምልኝ አሉኝ።

እስከዚህ ያለው ሁሉ ፊት ለፊታቸው የተነበበና ያረሙት ነው። የቀረችውን ይህችን አንቀጽ ብቻ ሳላነብላቸው ቀረሁ።

እኅታችን ትናንት ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ ቁጥራቸውን የማናውቃቸውን ተማሪዎቻቸውንና ሁለት ወንበሮችን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋግ ሰዎች አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡና ለሁላችንም መጽናናቱን ይስጠን።

እትዬ፣ ይኸው ፊት ለፊትሽ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት።