የሽማግሌው የካንትሪ ሬዲዮ

በኮሮና ጊዜ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ከጀርሚስተን ወደ ጆበርግ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት የአገሬ ልጆች ያወራሉ። አንዱ ጎልማሳ ባለ ስፓዛ፣ የሰፈር ሱቅ ባለቤት ነው፣ ሌላው ወጣት።

«ጋሼ፣ ሱቅህ ውስጥ አሁንም ያ የካንትሪ ሙዚቃ ሬዲዮ ነው የሚጮኸው?»

«ታዲያ ምን ይጩህ? አንድ ሽማግሌ ገበሬ እኮ ነው ጣቢያውን ጋራዡ ውስጥ የጀመረው። በኋላ ከፈርኒቸር ቤት በላይ አንድ ክፍል ተከራየ። ሎክዳውን ሲመጣ ደግሞ ከቤቱ ያስተላልፍ ጀመር፤ ውሻው ሲጮህ ሁሉ ይሰማል።»

«ይሄን ሁሉ ማን ነገረህ?»

«ራሱ ነዋ! በየጠዋቱ ያወራል። መጀመሪያ ስመጣ ግን እንግሊዝኛ የት አውቄ? ጊታሩን ስሰማ መዝሙር መስሎኝ፣ በሱ እየጸለይኩ ነበር ሱቅ የምከፍተው።»

«በካንትሪ?»

«እጄን ዘርግቼ! አንዲት ጎጎ፣ የሰፈሩ አሮጊት፣ ዳቦ ልትገዛ መጥታ አየችኝና በሳቅ ሞተች። ‹ይሄ ዘፋኝ እኮ ሚስቱ ጥላው ሄዳ ነው የሚጠጣው› አለችኝ፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደች።»

«ታዲያ ጣቢያውን አልቀየርክም?»

«ለምን? ለሰካራሙ መጸለይ ጀመርኩ።»

«አይ ጋሼ!»

«ዛሬ ጠዋት ግን ፕሮግራሙን የጀመረችው የሽማግሌው ሚስት ናት። ኮሮና ይዞት ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ነው አለች። ከዚያ ያንኑ የሰካራም ዘፈን ጋበዘችው።»

«አንተስ?»

«እጄን ዘረጋኋ።»

ከኋላቸው እንደተቀመጥኩ፣ ማስኬ ውስጥ፣ ማንም ሳይሰማኝ «አሚን» አልኩ።