ረጅሟ ልጅ ስትሄድ

ሰበታ ላይ የአንድ ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ሳሠለጥን የማጥቃት ስልታችን አንድ ብቻ ነበር፤ ኳሷን ከቅርጫቱ ሥር ለምትቆመው ለረጅሟ ለመሠረት ማቀበል። መሠረት ከወላይታ የመጣች ልጅ ናት። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገድ ሲዘጋ፣ ተኩስ ሲሰማ፣ አባቷ ፈርተው መጥተው ወሰዷት። የቀሩት ልጆች ሁሉም አጫጭርና ፈጣኖች ናቸው። እኔ ግን ልምምድ ላይ «ወደ ውስጥ ስጪ!» እያልኩ መጮኼን አልተውኩም። አንድ ቀን ኳስ አከፋፋያችን ሀዊ ኳሷን ይዛ ቀጥ አለች።

«ኮች፣ ውስጥ ማን አለ?»

ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። አፈርኩ። «ታዲያ ምን ይሻላል?» ስላት፣ «እንሩጥ፤ ተጋጣሚዎቻችን ለመከላከል ቦታ ሳይዙ እንድረስባቸው» አለች።

ነገሩ ትንሽ ረገብ ሲል አንድ የቡራዩ ቡድን መጥቶ ገጠመን። እየሮጥን አሸነፍን። እዚያው ሜዳ ላይ ሆነን ለመሠረት ደወልንላት። ደስ አላት፤ ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «እንግዲህ እኔ አላስፈልግም ማለት ነው» አለች። ሀዊ ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ።

«ስተን ከቅርጫቱ የሚመለሰውን ኳስ ማን ያውርድልን? ዛሬ ሁሉንም የለቀሙት የቡራዩ ልጆች ናቸው። አባትሽን አስፈቅጂና ኮቱ! ነይ በቃ!»

ከሳምንታት በኋላ መጣች። ልምምድ ልንጀምር ስንል «ኮች፣ የት ልቁም?» አለችኝ። «ከቅርጫቱ ሥር» የሚለው ሁልጊዜ የምሰጣት መልስ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«እስቲ መጀመሪያ አብራችሁ ሩጡና ልያችሁ» አልኳት።