ከድንጋይ ሥር ያለው ኩሸር

(አሰብ፣ ከከተማው ወጣ ያለ ድንጋያማ የባሕር ዳርቻ፣ ወደ ማምሻው ላይ፤ ከጣና ዳር የመጣው የወደብ ሠራተኛ ይርዳው የተወጠረ ክር በሁለት እጁ ይዟል፣ ዓሣ አጥማጁ ሁመድ አጠገቡ ቆሟል።)

ሁመድ፦ አትሳብ አልኩህ እኮ።

ይርዳው፦ ይዞልኛል። እየተሰማኝ እንዴት ዝም ልበል?

ሁመድ፦ ቅድምም ይዞልህ ነበር። ሁለት መንጠቆ እዚያው ቀረ። አሁን ያሰርኩልህ የመጨረሻዬ ነው።

ይርዳው፦ ጣና ላይ ከአባቴ ጋር ስናጠምድ፣ ዓሣ ከነካ ወዲያው መሳብ ነው። ሌላ አላውቅም።

ሁመድ፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የምትሉት እናንተው አይደላችሁ? ይሄ ኩሸር ነው። ኑሮው ከታች፣ ድንጋይ ሥር ነው። ስትጎትተው ጉድጓዱ ይገባና ጉንጩን ነፍቶ ይወተፋል። ክሩ ይበጠሳል እንጂ እሱ አይወጣም።

ይርዳው፦ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ።

ሁመድ፦ ለልጅህ ከገበያ ብትገዛላትስ?

ይርዳው፦ የገበያውንማ እናቷ ጠብሳላት መለሰችው። ትርንጎ ኩሸር ነፍሷ ነው። አባትሽ በእጁ ያጠመደው ነው ካሏት ትቀምስ ይሆናል ብዬ ነው።

ሁመድ፦ ሳትበላ ስንት ቀኗ ነው?

ይርዳው፦ ሦስት። ከውኃ በቀር አልቀመሰችም። በሩን ከውስጥ ቆልፋለች። አንኳኳሁ፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፤ ባሰባት እንጂ። ሰለቸኝ ሁመድ።

ሁመድ፦ ጅቡቲ የሚሄደው የወንድሜ ጀልባ ነገ ጧት ይነሣል። ቦታ ይዛለች። እዚያ ያለው ክሊኒክም ሰኞ ሥራ ጀምሪ ብሏታል።

ይርዳው፦ አንተም ታውቅ ኖሯል።

ሁመድ፦ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የሻንጣዋን ቁልፍ እንደደበቅክባትም ጭምር።

ይርዳው፦ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። በሃያ አንድ ዓመቷ ምን አውቃ ነው ሰው አገር የምትሄደው?

ሁመድ፦ አንተስ እዚህ ስትመጣ ስንት ዓመትህ ነበር?

ይርዳው፦ ዐሥራ ዘጠኝ።

ሁመድ፦ አባትህ መርቆ ሸኘህ?

ይርዳው፦ እንዳልሄድ ታንኳዬን ደበቀብኝ። በእግሬ ወጣሁ።

ሁመድ፦ ከዚያስ?

ይርዳው፦ ከዚያማ ተኳረፍን። ሳልመለስ ሞተ።

ሁመድ፦ አላህ ይማረው።

ይርዳው፦ ይሄ ዓሣ አሁንም አልነቃነቅ አለ።

ሁመድ፦ አላላለት። አላላውና ቁጭ በል። የሚጎትተው ከሌለ ራሱ ይወጣል።

ይርዳው፦ ካመለጠስ?

ሁመድ፦ ሊያመልጥ ይችላል። አልዋሽህም።

ይርዳው፦ እሺ። ይኸው፣ አላላሁት።

ሁመድ፦ እጅህን አታንቀሳቅስ። ትንሽ ጠብቅ... አየህ ክሩን? እየሄደ ነው። ወጥቷል። በል አሁን ሳበው።

ይርዳው፦ እንካ፣ አንተ ሳበው።

ሁመድ፦ ምነው? ለትርንጎ አይደል እንዴ ይሄን ሁሉ የለፋኸው?

ይርዳው፦ አንተ ይዘኸው ትመጣለህ። እኔ ቀድሜ ቤት ልድረስ፤ የሻንጣዋ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው።