«የለም» እና «አላየሁም»

በ1979 ዓ.ም. የግንቦት ሙቀት ሸዋ ሮቢትን ሲያነድዳት፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ አንድ አውቶቡስ ከከተማው መግቢያ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ሾፌሩም መለዋወጫ ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ድረስ መንገደኛው ማደሪያ እንዲፈልግ ተናገረ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ውባለም ነበረች፤ የኮምፒዩተር ሙያ ተምራ ሥራ ልትጀምር የምትሄድ ወጣት ናት። ሻንጣዋን ይዛ መንገድ ዳር ካለ ሻይ ቤት ገባችና መጽሐፏን ገለጠች።

ከጎኗ ጋሼ በላይ የሚባሉ አዛውንት ሻያቸው ቀዝቅዞባቸው ተቀምጠው ነበር። በድርቁ ጊዜ በተደረገው ሰፈራ የተበታተኑ ቤተሰቦችን በምታፈላልግ አንዲት አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ይሠራሉ። የሰፋሪዎቹ ስም የሚገኝበትን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከሀ እስከ ፐ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ሸዋ ሮቢት ባለችበት በቀወት ቆላ መብራት እንደ ልቡ ይሄዳል፣ እንደ ልቡ ይመጣል፤ በሄደ ቁጥር መዝገቡ ይዛነፋል፤ እሱን ሲያቃኑ ይውላሉ። እንዲህ ሆነው ከርመው ዓይናቸው ደም መስሏል።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ የመጽሐፉን ሽፋን እያዩ። «ይህን ሲ የሚሉትን የኮምፒዩተር ቋንቋ ታውቂዋለሽ?»

«እንጀራዬ ነው ጋሼ። እርስዎም ይሠሩበታል?»

«እሱ ይሠራብኛል ብል ይቀላል።»

ሲ ለኮምፒዩተሩ አንጀት ቅርብ የሆነ ቋንቋ ነው። የሚጽፍበት ሰው የማሽኑን ማኅደር፣ ሜሞሪ የሚሉትን፣ በገዛ እጁ እንደሚዳብስ ነው፤ ነጻነቱ ብዙ፣ ይቅርታው ጥቂት። ጋሼ በላይ ከሙያ ጓደኛ ጋር ካወሩ ቆይተው ነበርና «ነይ ሥራዬን ላሳይሽ» ብለው ይዘዋት ሄዱ።

ከቢሮው ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ አንዲት የቀወት ገበሬ፣ እትዬ አሰገደች፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሙሉ ማጀቴ በሚባል አገር ባል አግብታ ነበር፤ በድርቁ ጊዜ ከነባሏ ለሰፈራ ከተጫነች ወዲህ ወሬዋ ጠፍቷል።

«ዛሬስ ቁርጡን ንገሩኝ» አሉ ለመነሣት እየሞከሩ። «ዘመዶቼ ድንኳን እንትከል፣ እርምሽን አውጪ እያሉ ይዘውኛል። እኔ ልቤ እንቢ አለኝ። ላልቅስላት ወይስ ልቆይ?»

ጋሼ በላይ ገብተው የሙሉን ስም ከነአባቷ በኮምፒዩተሩ መቱና ጠበቁ። ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመና እንደ ወትሮው መለሰ።

«የለም ይላል እትዬ።»

ሴትዮዋ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ውባለም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፦ «ጋሼ፣ ፕሮግራምዎ ፈልጎ ሲያጣና መዝገቡ ያለበትን ዲስክ ማንበብ ሲያቅተው የሚሰጠው መልስ ይለያያል?»

«ካጣው አጣው ነው። ምን ልዩነት አለው?»

«አይቶ የታጣ ሰው የለም ይባላል። ያልታየ ሰው ግን እንዴት የለም ይባላል?»

ጋሼ በላይን ቁጣ መጣባቸው፤ እሱንም ዕድሜያቸው ከለከላቸው።

«ታዲያ ምን አድርግ ትይኛለሽ?»

«በእርስዎ ፕሮግራምና በመዝገቡ መካከል የሚቆም፣ ላይብረሪ የሚባል ነገር በዲስክ ይዣለሁ። ሌሎች ባለሙያዎች ጽፈው ብዙ ቦታ የፈተኑት የትእዛዝ ስብስብ ነው። እርስዎ ክፈት፣ ፈልግ፣ ጻፍ፣ ዝጋ ይሉታል፤ ዲስኩ ውስጥ የት እንደሚጻፍ፣ የስም ማውጫው እንዴት እንደሚስተካከል እሱ ያውቃል። ሲመልስም አገኘሁ፣ የለም፣ ወይም ማየት አልቻልኩም ብሎ ለያይቶ ነው።»

«አልፈልግም» አሉ ጋሼ በላይ። «ባዕድ የጻፈው ነገር በእኔና በመዝገቤ መሀል ገብቶ ምን ያደርጋል? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«እውነትዎን ነው፤ ያላዩትን ማመን አይገባም። ነገር ግን ገበሬ ማረሻውን ራሱ ይቀጠቅጣል?»

«አይቀጠቅጥም። አገላብጦ ግን ያያል።»

«እርስዎም ያገላብጡት። የተጻፈበት የሲ ጽሑፍ እንዳለ አብሮት መጥቷል፤ ከፍተው ማንበብ ይችላሉ።»

«ማሽኑ ትንሽ ነው፤ ያዘገየዋል።»

«አልዋሽዎትም፣ ትንሽ ያዘገየዋል። ከዲስኩም ቦታ ይወስዳል። እርስዎ መዝገብ ሲያቃኑ የሚውሉትስ ጋሼ? እሱ ከጊዜ አይቆጠርም?»

ይህ አነጋገር ከክርክሩ ሁሉ ይልቅ ወደ ውስጣቸው ዘለቀ። ድካማቸውን ሥራ ነው እያሉ ሲሸከሙት ኖረዋል፤ ሊቀር የሚችል ሸክም ነው ብሎ የነገራቸው አልነበረም። ብዙ ሰው እንዲህ ነው፤ የለመደውን መከራ እንደ ርስቱ ይጠብቀዋል፣ ሊያወርድለት የመጣውንም እንደ ቀማኛ ያየዋል።

«በይ በመዝገቡ ቅጂ ላይ እንሞክረው» አሉ በመጨረሻ።

መጀመሪያ በእሳቸው ፕሮግራም አዲስ ስም ሲጻፍ፣ ራሳቸው ገመዱን ከግድግዳው ነቀሉ። ማሽኑ ሲነሣ የአንዱ ሰው ስም ከሌላው መንደር ጋር ተጋብቶ ተገኘ። ቀጥሎ በላይብረሪው እያስጻፉ ገመዱን እንደገና ነቀሉ። ዳግም ሲከፈት ያልተጠናቀቀው ጽሑፍ ተሰርዞ፣ የቀድሞው እንዳለ ቆይቷቸዋል። እንደማያምን ሰው ደግመው ነቀሉ፤ ያው ሆነ።

«ወይ ሙሉ ሆኖ ይገባል፣ ወይ ጨርሶ አይገባም» አለች ውባለም። «ግማሽ ሰው አይመዘግብም። ግን ጋሼ፣ ላይብረሪ ሰነፍን አያተጋም። በጠሩት ቁጥር የመለሰልዎን ማየት፣ የከፈቱትን መዝጋት፣ ከማኅደሩ የተዋሱትን መመለስ የእርስዎ ፋንታ ነው። መልሱን ካላዩት ያው እንደ ድሮው ነው።»

አውቶቡሱ በማግስቱም አልተነሣም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የፕሮግራሙን ገላ ቀየሩት። ጋሼ በላይ ለዓመታት የጻፉትን ሲሰርዙ እጃቸው ይከብዳቸው ነበር፤ ገጽ ሙሉ የነበረው ወደ ጥቂት መስመር ሲያጥር ግን ደስታም ሐዘንም ያልሆነ ነገር ተሰማቸው። ከዚያ የድሮውን መዝገብ ከራስጌ እስከ ግርጌ በላይብረሪው በኩል አሳለፉት። የተበላሸውን ለይቶ «ይህን ማንበብ አልቻልኩም» እያለ ለብቻው አስቀመጠ፤ ደኅናውን ተቀበለ፤ የስም ማውጫውንም እንደ አዲስ ሠራ።

እትዬ አሰገደች ከተማ ዘመድ ቤት አድረው መጥተው ነበር። የሙሉ ስም ዳግመኛ ተመታ።

ሙሉ ተገኘች። መዝገቡ ውስጥ ድሮም ነበረች፤ ወደ እሷ የሚመራው ማውጫ ነበር አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ የተበጠሰው። የተመዘገበችውም አሶሳ አካባቢ ካለ የሰፈራ መንደር ነው።

«በሕይወት አለች?» አሉ እናት።

ጋሼ በላይ አዎ ለማለት ቸኮሉ። ከዚያ ራሳቸውን ገቱ። «እዚያ መግባቷን አይቻለሁ እትዬ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም። እናስጠይቃለን። እስከዚያ ግን ድንኳን አይትከሉ።»

ሴትዮዋ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። «ይኸው ይበቃኛል» አሉና ሙቀቱ በረድ ሲል ወደ ቀወት መንገድ ጀመሩ።

አውቶቡሱ ተጠግኖ ውባለም ልትሳፈር ስትል ጋሼ በላይ ሻንጣዋን ተሸክመው ሸኟት። «በገዛ እጄ ሁሉን ስሠራ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር» አሏት። «ለካ አለማወቄን የሚነግረኝ አጥቼ ነው።»

«እኔም የተማርኩት ከእኔ በፊት ከሠሩት ሰዎች ስህተት ነው ጋሼ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።»

እሷ ከሄደች በኋላ ጋሼ በላይ አላረፉም። የመዝገቡ ማቃናት ቀርቶላቸው ነበርና በገበያ ቀን ወደ አጣዬ፣ ወደ ማጀቴ ሄደው «ከቢሯችን የለም የተባላችሁ ተመለሱ፤ እንደገና እናያለን» ብለው አስነገሩ። ማጀቴ ላይ አንድ ሽማግሌ «እኔ እርሜን አውጥቻለሁ፤ አሁን ምን ልስማ?» ብለዋቸው ፊታቸውን አዞሩ። ጋሼ በላይ ቆመው ወቀሳቸውን ተቀበሉ።

ክረምቱ ወጥቶ ከአሶሳ መልእክት መጣ፤ ሙሉ ልጅ ወልዳ ትኖራለች። ከተመለሱት ሰዎች መካከል የሌሎችም ዘመድ ተገኘ፤ የብዙዎቹ አልተገኘም። መብራቱ እንደ ድሮው ይጠፋል፤ መዝገቡ ግን አይዛነፍም። መዝገቡ ላይ አንድ ተጨማሪ መረጃ መጻፍ ሲያስፈልግ ፕሮግራሙን ከሥሩ መናድ ቀረ። ሌላ ሠራተኛ ቢመጣም የጋሼ በላይን ምሥጢር ሳይጠብቅ ሊሠራ ቻለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ያ ቢሮ «የለም» ሲል ሰው የሚያምነው ሆነ። እርሙን ለሚያወጣ ሰው የታመነ «የለም» ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ አልቅሶ ይነሣል፣ እርሻውን ያርሳል። ልቡ እንቢ ያለው ደግሞ እንዲቆይ ምክንያት ያገኛል።

ጋሼ በላይም ከዚያ ወዲህ ምሳቸውን በልተው ጥቂት ጋደም ማለት ጀመሩ።